ለአንዲት ሴት ሦስት ፀሐይ

ሰው ሁሉ ክረምትን ያማርራል፤ እኔ ግን እጠብቀዋለሁ። ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ተደፍቶ የመጀመሪያው በረዶ መንገዱ ላይ ሲነጠፍ፣ ጎረቤቶቼ አንገታቸውን ኮታቸው ውስጥ ቀብረው ወደየቤታቸው ይሮጣሉ። እኔ የምወጣው ያን ጊዜ ነው። ያለ ጥላ፣ ግድግዳ ሳልታከክ፣ በመንገዱ መሀል።

ምክንያቱ ሉፐስ ነው። ሉፐስ ማለት፣ ባጭሩ፣ ሰውነት እንዲጠብቀው የቀጠረው ዘበኛ ባለቤቱን እንደ ሌባ ሲደበድበው ማለት ነው። የኔን ዘበኛ ከምንም በላይ የሚያስቆጣው ደግሞ ፀሐይ ነው። በበጋ ጥቂት ከቆምኩበት ጉንጬ ይቀላል፣ ጣቶቼ ያብጣሉ፣ ከዚያ በኋላ አልጋ ነው። ስለዚህ በጋን የምኖረው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ቀኑ ያጥራል፣ ፀሐይዋም አቅም ታጣለች፤ የፊት ቅባቴን ተቀብቼ እንደ ልቤ እሄዳለሁ።

ከፀሐይ የሚሸሽ ሰው ፀሐይ የምትሰጠውንም ይነፈጋል። ቆዳ በፀሐይ የሚሠራው ቫይታሚን ዲ በኔ ደም ውስጥ በበጋ ያንሳል፣ በክረምት ጭራሽ ይጠፋል። ያለ እሱ አጥንት ይሳሳል፤ የምወስዳቸው መድኃኒቶች ደግሞ ያብሱታል። ሐኪሜ በሳምንት አንዴ የምትዋጥ ጠንካራ እንክብል አዘዘችልኝ። ወርቅማ ናት፣ ባቄላ ታህላለች፣ ውስጧ ዘይት ነው። እሑድ እሑድ፣ ስብ ካለው ምግብ ጋር። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ እንክብሏን ማስታወስና ማቅረብ የእሱ ሥራ ነበር። ካረፈ በኋላ ራሴ አስታውሼ እውጣለሁ።

ስለዚህ ነገር በቤታችን ተነጋግረን አናውቅም። ስለ እሱ በጠቅላላው አንነጋገርም ነበር። ስሙ ሲነሳ እኔ ተነስቼ ዕቃ አጥባለሁ፤ አማቴና ልጄም ይህን አይተው ተዉት።

ሥራዬ ወፎች ናቸው። ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ የዱር ዝይዎች በመንጋ ወርደው በትልቁ ሐይቅ መሀል ባለች ደሴት ላይ ይሰፍራሉ። የምርምር ተቋማችን እዚያ አንድ ጣቢያ አለው፤ ከእንጨት የተሠራ ቤት፣ ምድጃና ጥቂት አልጋ። ዝይዎቹን ከትንሽ መድፍ በሚተኮስ መረብ እንይዛለን፣ እንመዝናለን፣ እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት አስረን እንለቃለን። በዓመቱ ውስጥ ከምድር ቤት ቢሮዬ ወጥቼ ከወፍ ጋር ፊት ለፊት የምገናኝበት ብቸኛ ጊዜ ያ ነው። ያለፉትን ሁለት ክረምቶች ቀርቼ ነበር፤ አንዱን በሕመሜ፣ ሁለተኛውን በሐዘን። የዘንድሮው ደግሞ የመጨረሻው ነው ተባለ። ጣቢያው ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ዝይዎቹን ካሜራ ያያቸዋል እንጂ እጅ አይነካቸውም።

ስለዚህ ጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ ቦት ጫማዬን ኮሪደሩ ላይ አድርጌ ከመኝታ ቤት እስከ በር መመላለስ ያዝኩ።

"ይህ ጫማ የሰው ነው ወይስ የመርከብ?" አሉ አማቴ ከኩሽና በር ላይ ሆነው። ልጃቸውን ከቀበርን በኋላ ሻንጣቸውን ይዘው እኛ ጋ መጥተዋል፤ ማን ማንን ለማጽናናት እንደሆነ እስካሁን አልተስማማንም።

"የኔ ነው፣ እማማ።"

"እግርሽ መቼ ነው ያደገው?"

"ካልሲ ስለምደራርብ ነው።"

"ዝይ ለመያዝ ይህ ሁሉ? ገበያ ላይ እግሩን ታስሮ ይሸጥ የለም እንዴ?"

"እማማ፣ እነሱኮ አስረው አይሸጡም፤ አስረው ይለቃሉ" አለች ሚጢጢ። ሚጢጢ ልጄ ናት። ስሙ የወጣላት ስትወለድ ነው፤ አሁን ዋናተኛ ሆና ቁመቷ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረውም፣ ስሙ ግን አብሯት አላደገም።

"አስሮ መልቀቅ? ታዲያ ትርፉ ምኑ ላይ ነው?" አሉ አማቴ። መልስም አልጠበቁ። "ነይ፣ ሾርባሽ ቀዘቀዘ።"

ሾርባ ስጠጣ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ አጠገቤ ቆመው ሳህኑ ባዶ መሆኑን ያያሉ። ሾርባው ሲያልቅ ሚጢጢ እርጎ ታቀርባለች። "ለአጥንትሽ ነው፣ እማዬ" ትላለች፣ እሷም እስክጨርስ አትሄድም። ሁለቱም እንደዚህ የሚንከባከቡኝ ለጉዞው ፈርተውልኝ መስሎኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

መረቡን የምንጠግነው በተቋሙ ምድር ቤት፣ መሰላልና መቅዘፊያ በሚከማችበት አዳራሽ ነው። መረቡ ወለሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋል፤ እኛ በጉልበታችን እየሄድን የተበጠሰውን የመረቡን ዓይን እንቋጥራለን። አብሮኝ የሚሠራውን ባልደረባ ሁላችንም ሬዲዮ እንለዋለን፤ ዝም ሲል የሰማው ሰው የለም።

"እህት ዓለም፣ አምና ብትኖሪ ኖሮ ይህ አይደርስብኝም ነበር" አለና አውራ ጣቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየኝ። "ነከሰችኝ። አለቃ እየሮጡ መጡና 'ተጎዳች ወይ?' አሉ። ዝይዋን ነው የጠየቁት።"

"አያያዝህ ነው።"

"አያያዙን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።"

"ግማሹን ነው ያስተማርኩህ። ግማሹን ዘንድሮ እጨምርልሃለሁ።"

ይህን ስናገር ልቤ ምን ያህል እንደሚደልቅ ቢሰማ ኖሮ ያፍርብኝ ነበር። የዝይ ክንፍ ብብቴ ስር ሲታገል፣ ያ ሙቀት ሹራቤን አልፎ ሲገባ እየታሰበኝ የምቋጥረውን ክር ሁለቴ አበላሸሁ።

"ውሃው ደግሞ ምንድን ነው?" አለ ሬዲዮ ጠርሙሴን እያየ። ከጠዋት ጀምሮ ደጋግሜ ሞልቼዋለሁ። "ሐይቁን ሳንደርስ ልትጨርሺው ነው? ለዝይዎቹም አስቢ እንጂ።"

ሳቅሁ። እውነትም ይጠማኝ ነበር። ምግብ ያስጠላኝም ነበር፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ግን ጉዞ ሲኖር ምግብ አይወርድልኝም፤ ሁሉንም ለደስታ ሰጠሁት።

ደሴቱ ላይ ሐኪም የለም፤ ጀልባም የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ሐኪሙ "ይችላል" ሳይል አይሄድም። ለምርመራ ደም ሰጠሁ። በማግስቱ ከሰዓት፣ መረቡ ላይ ተንበርክኬ እያለሁ ሐኪሜ ደወለች።

"ካልሲየምሽ በጣም ከፍ ብሏል" አለች። "ኩላሊትሽም ትንሽ ደክሟል።"

"ሉፐሱ ነው?"

"ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ነገ ጠዋት ነይ። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ የሁላችሁንም፣ በአንድ ከረጢት አድርገሽ ይዘሽልኝ ነይ።"

"ደሴቱስ?"

"እስከዚያ ስለ ደሴቱ አናውራ።"

ሉፐስ ኩላሊት ላይ ከወጣ ነገሩ ሌላ ነው፤ ደሴት ቀርቶ ደረጃም ይናፍቃል። ቤት እስክደርስ እግሬ በረዶውን ሲረግጥ አልተሰማኝም። ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ከረጢት አነሳሁና ኩሽና ገባሁ።

"ምን ፈለግሽ?" አሉ አማቴ።

"መድኃኒት በሙሉ፣ ለሐኪሟ። የእርስዎንም።"

"የኔ ለሷ ምን ያደርግላታል?"

"የሁላችሁንም ብላለች።"

 አማቴ መደርደሪያውን ከፍተው ከጨው ዕቃው ኋላ አንድ ጠርሙስ አወጡ። ውስጡ ወርቅማ እንክብሎች ናቸው፤ ልክ እንደኔዎቹ። አብሮት ቡሽ ላይ የተሰካ መርፌ ነበር።

"መርፌው ምንድን ነው?"

"መርፌ ነዋ።"

"ለምን?"

"ለመብሳት።"

"ምን ለመብሳት፣ እማማ?"

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። "እንክብሏን በስቼ ዘይቱን ሾርባሽ ላይ አፈስልሻለሁ። ረቡዕ ረቡዕ። ሐኪም ለኔ አጥንት ብሎ ያዘዘው ነው፤ ለኔ ምን ያደርግልኛል? የኔ አጥንት የተሠራው በድሮ ዕቃ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ቀኑ ማጠር ከጀመረ ወዲህ።"

"እማማ፣ አንቺም?" የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ሚጢጢ የዋና ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆማለች። ሁለታችንም ዞረን አየናት። ደም ፊቷ ላይ ወጣ። ከቦርሳዋ የጎን ኪስ ውስጥ መጭመቂያ ያለው ትንሽ ጠርሙስ አወጣችና ከረጢቱ ውስጥ ሳትወረውረው፣ ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

"እርጎው ውስጥ ነው" አለች። "ዋናተኞች የሚወስዱት ቫይታሚን ዲ ነው። አንድ ጠብታ ይላል፤ አንድ ጠብታ ለትልቅ ሰው አነሰብኝ። መጭመቂያውን ሙሉ አደርግልሻለሁ።"

"በየቀኑ?"

"እርጎ በበላሽ ቁጥር።"

"እኔ እርጎ የምበላው በየቀኑ ነው።"

"አውቃለሁ። የማመጣልሽ እኔ ነኝ።"

"ለምንድን ነው ሁለታችሁም ያልነገራችሁኝ?"

ሚጢጢ አያቷን አየች። አማቴ ወንበር ስበው ተቀመጡና በዝግታ ተናገሩ። "እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ሥራው የልጄ ነበር። የልጄን ሥራ ያዝኩ ብዬ ስነግርሽ ስሙን ልጠራ ነው። ስሙን ስጠራ አንቺ ዕቃ ልታጥቢ ትነሻለሽ።"

"ትነሻለሽ፣ እማዬ" አለች ሚጢጢ። "የታጠበውንም ታጥቢያለሽ።"

ወደ ማጠቢያው አየሁ። ባዶ ነበር። ወንበር ስቤ እኔም ተቀመጥኩ።

የአንድ ሰው ሥራ ለሦስት ተከፍሎ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ተሠርቷል። ሁላችንም ያ ቦታ ባዶ እንዳይሆን ብለን በየፊናችን ስንሞላው፣ ሞልቶ ፈሷል። ይህን እያሰብኩ ሳለ ሌላ ሐሳብ ከስር ብቅ አለና ከወንበሬ አስነሳኝ። ጥፋቱ የእንክብሎቹ ከሆነ የሉፐሱ አይደለም። የሉፐሱ ካልሆነ ደሴቱ አለ።

"ምነው?" አሉ አማቴ ደንግጠው። "ምን ሆንሽ?"

"ምናልባት የመረዛችሁኝ እናንተ ናችሁ" አልኩ። እየሳቅሁ እንደሆነ የታወቀኝ ሚጢጢ አብራኝ መሳቅ ስትጀምር ነው።

"ይህ ያስቃል?" አሉ አማቴ።

"እማማ፣ ከዚህ የተሻለ ዜና የለም። ነገ ሦስታችንም እንሄዳለን።"

ሐኪሟ ከረጢቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈችው። ጠርሙሶቹን በተራ በተራ እያነሳች አነበበች፣ ማን ምን ያህል፣ በምን ላይ እንደሚያደርግ ጠየቀች። መጨረሻ ላይ መርፌውን አነሳች።

"ይህስ?"

"ማስረጃ ነው" አለች ሚጢጢ።

"ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለም፣ ዶክተር?" አሉ አማቴ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ጥፋታቸውን ቀድመው ሊከላከሉ።

"ሁለት ነው የተባለው፣ እናቴ። እናንተ ሦስት ናችሁ።"

ከዚያ መነጽሯን አውልቃ አስረዳችን። ቫይታሚን ዲ እንደ ብዙዎቹ ቫይታሚኖች ሲበዛ ከሽንት ጋር ወጥቶ አይሄድም፤ ስብ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ሲከማች ካልሲየምን ወደ ደም ይጎትታል፤ ጥማቱም፣ ማቅለሽለሹም፣ የጉልበቱ መክዳትም ከዚያ ነው፤ ኩላሊትንም የሚያደክመው እሱ ነው። ለማረጋገጥ ከኔ ደምና ሽንት ወሰደች። አማቴንም እጅጌያቸውን አስጠቀለለቻቸው።

"እኔ ምን አደረግሁ?"

"ምንም። ይህንኑ ለማየት ነው።"

ውጤቱ ሲመጣ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገን ሦስታችንም ጠረጴዛው ላይ አጎነበስን። የሉፐሱ ምልክቶች ተኝተዋል። የኔ ቫይታሚን ከጣሪያው በላይ ነው። የአማቴ ደግሞ ወለሉ ላይ ነው።

"በአንድ ቤት አንዷ ጎርፍ፣ ሌላዋ ድርቅ" አለች ሐኪሟ። "እናቴ፣ የእርስዎ አጥንት እንዴት እንደቆመ አላውቅም።"

"በድሮ ዕቃ ነው የተሠራው" አሉ አማቴ፣ ግን እንደ በፊቱ አልኮሩበትም።

ትእዛዙ አጭር ነበር። ለኔ እንክብልም፣ ጠብታም፣ ወተትም፣ እርጎም፣ አይብም የለም። ውሃ ብቻ፣ በብዛት። ከጉዞው በፊት እንደገና ደም። "ካልሲየምሽ ከወረደ ትሄጃለሽ፤ ካልወረደ አትሄጂም" አለች። "እንዳትለማመጪኝ። ዝይ ክረምት በመጣ ቁጥር ይመጣል።"

"ጣቢያው ግን አይኖርም" አልኩ።

"ኩላሊትሽ እንዲኖር ነው እኔ የምፈልገው።"

ቀጥሎ የመጡት ቀናት እንደ በዓል ዋዜማ ነበሩ። ሚጢጢ በየሰዓቱ ውሃ ይዛ ትመጣለች፤ ስልጠና ላይ ሆና እንኳ "ጠጣሽ?" ብላ ትደውላለች። እኔ ስጠጣ፣ ስወጣ፣ ስገባ፣ ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ልወጣ እየሞከርኩ፣ ጉልበቴ መመለስ አለመመለሱን እንደ ሰዓት አዳምጠው ነበር። አንድ ጠዋት ዳቦ ሸተተኝና ራበኝ። ቆሜ፣ ከመቁረጫው ላይ፣ ሳላቋርጥ በላሁ። ሚጢጢ አይታኝ ተጨማሪ ቆረሰችልኝ።

የተቸገሩት አማቴ ነበሩ። እጃቸው ሥራ ፈታ። "ምንም የማይጨመርበት ሾርባ ሾርባ ነው?" እያሉ ድስቱን ያማስላሉ።

እሑድ እንቁላል ጠበስኩና የእሳቸውን እንክብል ማንኪያ ላይ አድርጌ አቀረብኩላቸው። አፈገፈጉ።

"እሱ ምን እያለ ነበር የሚሰጥሽ?" አሉ።

 ማንኪያውን ሳላወርድ መለስኩ።

"'ፀሐይሽን ዋጪ' ይለኝ ነበር። እስክውጥም አይቀመጥም።"

"አባዬ አፍሽን አስከፍቶ ያይ ነበር" አለች ሚጢጢ። "ሰርቀሽ ምላስሽ ስር እንዳትደብቂ።"

"ይህን ከኔ ነው የወረሰው" አሉ አማቴ። "ልጅ ሳለ የትል መድኃኒት ምላሱ ስር ደብቆ ድመቷን አበላብኝ። ድመቷ ግን ወፈረች።" እንክብሏን አፋቸው ውስጥ ጣሉ፣ ውሃ ተጎነጩ፣ ከዚያ ሳንጠይቃቸው አፋቸውን ከፍተው አሳዩን።

ስለ እሱ እስከ ምሳ አወራን። እኔ ብዙ አልተናገርኩም፤ ግን አልተነሳሁም።

የመጨረሻውን ደም ከሰጠሁ በኋላ ወደ ቤት መሄድ አልቻልኩም። ተቋሙ ሄጄ ከሬዲዮ ጋር ሣጥን መጫን ጀመርኩ። መረቡ ተጠቅልሏል፣ ሚዛኑ ታሽጓል፣ የቀለበቶቹ ሣጥን የጭነት መኪናው ላይ ወጥቷል። የኔ ሻንጣ ብቻ መሬት ላይ ቀርቷል፤ ልጭነው ደፍሬ አልጫንኩትም።

"ይጫን?" አለ ሬዲዮ።

"ቆይ።"

"ይህን ሻንጣ ከጠዋት ጀምሮ ዞርኩት። ተደናቅፌ ብሞት ዝይዎቹ ያዝናሉ።"

ስልኬ ጮኸ። ጓንቴን በጥርሴ ነው ያወለቅሁት።

"ወርዷል" አለች ሐኪሟ። "ኩላሊትሽም ተመልሷል። ሂጂ።"

ጓንቴ ከጥርሴ ላይ ወደቀ።

"ሰማሽኝ?"

"ሰማሁ። ቫይታሚኑንስ መቼ ልጀምር?"

"እኔ ሳልልሽ እንዳትነኪው። ስብሽ ውስጥ ገና ብዙ አለ፤ የክረምቱን ስንቅ በሆድሽ ይዘሽ ነው የምትሄጂው። ውሃሽን ጠጪ። ፊትሽን ተቀቢ፤ በረዶም ፀሐይ ያንጸባርቃል።"

ስልኩን ስዘጋ ሬዲዮ ሻንጣዬን አንስቶ ከሁሉም ላይ ጭኖት ነበር።

ጀልባው ሐይቁን ሲሰነጥቅ ከፊት ለፊት ቆሜ ንፋሱን በጥርሴ ስቀበለው ማንም ግቢ አላለኝም። ደሴቷ መጀመሪያ እንደ ጭረት፣ ቀጥላ እንደ ጥላ፣ ከዚያ ድምፅ ሆና መጣች። ዝይዎቹን ከማየቴ በፊት ሰማኋቸው፤ እንደ ገበያ፣ እንደ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ሁሉም በአንድ ላይ እያወራ።

በማግስቱ ጠዋት መረቡ ተተኮሰና መንጋው ላይ አረፈ። እየሮጥን ገባን። በረዶው እስከ ጉልበቴ ነበር፣ ጉልበቴም ተሸከመኝ። የመጀመሪያዋን ራሴ አወጣኋት። ክንፎቿን አጥፌ ብብቴ ስር አስገባኋት፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላዬ አዞርኩት፣ ሬዲዮ ከጎኔ ቆሞ የቀረውን ግማሽ ትምህርት ተመለከተ። ልቧ እጄ ላይ ይደልቃል፣ የኔም እንደሷ። ወገቤን በሙሉ ኃይሏ ነከሰችኝ።

"አመመሽ?" አለ ሬዲዮ።

"አዎ" አልኩ፤ ፈገግታዬን ግን መሰብሰብ አልቻልኩም። እግሯን ያዝኩ፣ ቀለበቱን አስገብቼ በፒንሳ ገጠምኩት፣ መዘንናት፣ ለቀቅኋት። በረዶው ላይ ጥቂት ሮጣ ተነሳች።

እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁና ወደ መረቡ ዞርኩ።

"ቀጣይዋን አምጡ።"